ሰሜን ሸዋ፦ ኔትወርኩ ሳይደርስ ሁሉ ነገር ኦንላይን ሲሆን የገጠሩ ሰው በየት ይግባ?

መምህር ዘመንዝ (ሰኞ፣ ማታ 2፡10)

ሰላም ለሁላችሁ። መንዝ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ አስተምራለሁ። ይህን ክር የከፈትኩት የከነከነኝ ነገር ስላለ ነው።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ዛሬ ውጤቱን የሚያየው በስልክ ነው። የዩኒቨርሲቲ ምርጫውን የሚሞላው በድረ ገጽ ነው። የት እንደተመደበ የሚያውቀውም እዚያው ገብቶ ነው። አባቱ ባንክ ሲሄድ ፋይዳ አለህ ወይ ይባላል። ታላቅ ወንድሙ ሥራ ሲፈልግ ማስታወቂያው ቴሌግራም ላይ ነው፤ መመዝገቢያውም ሊንክ ነው። አንድ በአንድ ሲታይ ሁሉም ደግ ነገር ነው። ሰው ከቢሮ ቢሮ ከመንከራተት ይድናል። ግን የተሠራው ኔትወርክ ላለው ሰው ነው።

መሐል ሜዳ ከተማ ላይ ብትቆሙ ችግሩ ብዙም አይታያችሁም። ከከተማው ወጣ ስትሉ ነው ነገሩ። በብዙ ቀበሌ ድምፅ አለ፣ ዳታ የለም። ስልኩ ጫፍ ላይ የዘገምተኛ ዳታ ምልክት የሆነችው የፈረንጁ ‹ኢ› ብቅ ትላለች፣ ገጹ ግን ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ተማሪዎቼ የትኛው ጉብታ ላይ፣ በስንት ሰዓት እንደሚይዝ አሳምረው ያውቃሉ። ጠዋት ከብት ሲያወጡ ይሞክራሉ፤ ሰው ሳይበዛ ይሻላል። ውጤት የወጣ ዕለት ግን ሁሉም እዚያው ጉብታ ላይ ነው። መስመሩ ይጨናነቃል፤ ማንም ምንም ሳያይ ይመሻል።

ዘመድ ያለው አዲስ አበባ ይደውላል፤ የመመዝገቢያ ቁጥሩን እየጠራ ያስጽፋል። ዘመድ የሌለው በነጋታው ከተማ ሄዶ ኮምፒውተር ቤት ይሰለፋል። እዚያም ምርጫውን የሚሞላለት ሌላ ሰው ነው። አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ እንዲህ አስሞልታ ነበር። ምርጫዋን በወረቀት ጽፋ ሰጠች። በኋላ ስታየው ቅደም ተከተሉ ተዘበራርቆ ገብቷል፤ የመጀመሪያዋ ወደ ታች ወርዷል። የሞላላት ልጅ ክፋት አልነበረበትም። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ቸኮለ። እሷ ግን ስክሪኑን እንኳ አላየችውም። ከመስኮቱ ውጪ ነበር የቆመችው።

የምለው አጭር ነው። ኢንተርኔቱ ይምጣ፤ እንዲመጣም እንጩህ። እስኪመጣ ድረስ ግን አንድ አገልግሎት ኦንላይን በሆነ ቁጥር፣ በድምፅም ይሁን በአጭር መልእክት ወይም በቀበሌ በኩል፣ ሌላ በር አብሮ ይከፈት። እናንተ ባላችሁበት እንዴት ነው?

የጅሩ ልጅ (ሰኞ፣ ማታ 2፡48)

መምህር እግዜር ይስጥልን። ያነሱት የሁላችንም ጉዳይ ነው።

እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ነው፤ ቤተሰቦቼ ሞረትና ጅሩ ናቸው። አባቴ ሰንጋ ያደልባል። የጅሩን ሰንጋ መቼም የማያውቅ የለም። ለፋሲካ የሚወጣ በሬ ወራት ሙሉ ታስሮ ይቀለባል። ጭዱ አለ፣ ጓያው አለ፣ ውኃው ተቀድቶ ይቀርብለታል፣ ሥሩ ይጠረጋል። እናቴ ከልጅ እኩል ነው የምትንከባከበው። ይህ ሁሉ ድካም ዋጋ የሚያወጣው በዓሉ ሊደርስ ሲል ባሉት ጥቂት ቀናት ነው።

በነዚያ ቀናት ደላላው እጅ ላይ ስማርት ስልክ አለ። አዲስ አበባ ካራ የከብት ገበያ ላይ ምን ዓይነት በሬ በስንት እንደተሸጠ ፎቶውም ዋጋውም በቴሌግራም ይደርሰዋል። አባቴ እጅ ላይ ያለው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። የአዲስ አበባን ዋጋ የሚያውቀው እኔ ከደወልኩለት ነው። ስለዚህ በበዓል ሰሞን ካራ ሄጄ፣ ዞሬ፣ ጠይቄ እደውልለታለሁ። ጎረቤታችን አዲስ አበባ ልጅ የላቸውም። ደላላው ‹ዘንድሮ ገበያው ቀዝቅዟል› ካላቸው አለቀ፤ የሚያጣሩበት መንገድ የለም። አባቴ እኔ የነገርኩትን ይነግራቸዋል፤ እሱም ኔትወርክ ኖሮ ካገኘሁት ነው።

ኔትወርክ ለገበሬው የቅንጦት ነገር የሚመስለው ሰው ይህን ቢያይ ደስ ይለኛል።

ተስፋ አለ (ሰኞ፣ ማታ 3፡05)

መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አልስማማም።

የወረቀቱን ዘመን ረሳነው እንዴ? ‹ነገ ተመለስ› የሚባለውን? መዝገብ ቤት ፋይል ጠፋ ተብሎ የጉቦ ያለህ የሚባለውን? ኦንላይን የሆነው አገልግሎት ያን ቀንሶታል። ሌላ በር ይከፈት ስንል የምንከፍተው የድሮውን የጉቦ በር እንዳይሆን እፈራለሁ።

ደግሞ ለውጥ አለ። ቴሌብር የጀመረው በ2013 ግንቦት ነው። ሳፋሪኮም አገልግሎት የጀመረው በ2015 መስከረም ነው። ከዚያ በፊት በአገሪቱ አንድ ኩባንያ ብቻ ነበር። እኔ ልጅ እያለሁ እኛ ሰፈር ለአንድ ስልክ ጥሪ ከተማ ድረስ ይኬድ ነበር። ቴሌብርን ደግሞ ኢንተርኔት የሌለው ሰውም *127# ብሎ ይጠቀማል። ትንሽ ጊዜ ስጡት እንጂ።

መምህር ዘመንዝ (ሰኞ፣ ማታ 3፡31)

ተስፋ አለ፣ ወንድሜ፣ ጥሩ ነገር አነሳህልኝ። *127# እኮ እኔ የምለው ሌላ በር ነው። ያን ሲሠሩ ‹ስማርት ስልክ የሌለው፣ ዳታ የሌለውስ?› ብለው አስበዋል። ስለዚህ መንዝ ያለ ሰው በባለ ቁልፍ ስልኩ ብር ይቀበላል፣ ይልካል። ያ ሐሳብ ለምን ለሌላው አይታሰብም?

ሌላም አለ። 8028ን አስታውሱ። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 የጀመረው የገበሬ መስመር ነው። ነፃ ነው፣ በአማርኛ ያናግራል፣ ማንበብ የማይችልም ቁጥር እየነካ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ በሽታ ይሰማል። ኢንተርኔት አይጠይቅም። ይህን የሠሩ ሰዎች ገበሬው እጅ ላይ ያለውን ስልክ አይተው ነው የጀመሩት።

የጉቦው ሥጋት እውነት ነው፤ አልክድህም። ግን ዛሬ ኮምፒውተር ቤት ተሰልፎ የይለፍ ቃሉን ለማያውቀው ሰው የሚሰጠው ልጅም ደላላ እጅ ገብቷል። እኔ የምጠይቀው መዝገቡ ኦንላይን ሆኖ፣ መግቢያው ከአንድ በላይ እንዲሆን ነው።

ታወር ጥገና (ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡20)

እኔ ለዓመታት ታወር ጥገና ላይ ሠርቻለሁ። ሰሜን ሸዋን ከደነባ እስከ አጣዬ በመኪናም በእግርም አውቀዋለሁ። ሰው ኔትወርክ ሲጠፋ ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስለዋል። ጊዜ አለ ሆን ተብሎ የሚዘጋበት፤ ብዙውን ጊዜ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

መልክዓ ምድራችን ለሬዲዮ ሞገድ አይመችም። ጣርማ በር ላይ ስትቆሙ ቁልቁል ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ ከዚያ ወዲያ ቆላው ይታያችኋል። ገደል አፋፍ ላይ ያለ ሰው ከታች ካለ ታወር ሊይዝለት ይችላል። ከአፋፉ ገባ ብሎ ያለው ጎረቤቱ ግን ምንም የለውም። በምዕራብ ደግሞ የጀማና የወንጪት ሸለቆዎች አሉ። ዓለም ከተማ አምባው ላይ ናት፤ ታወሩም እዚያው። ከአምባው ሥር ሸለቆ ውስጥ ለሚኖረው ሞገዱ በላዩ ያልፋል። አንድ ታወር ሜዳ ላይ የሚሸፍነውን ያህል ለመሸፈን እዚህ ብዙ ታወር ይጠይቃል።

መምህር ‹ድምፅ አለ፣ ዳታ የለም› ያሉትም ምክንያት አለው። ዝቅ ያለው ፍሪኩዌንሲ ሩቅ ይሄዳል፤ ከፍ ያለው ብዙ ዳታ ይሸከማል፣ ግን ቅርብ ይቀራል። 2ጂ በ900 ሜጋኸርዝ ሲሠራ ድምፁ ሩቅ ይደርሳል። 3ጂ በ2100፣ 4ጂ በ1800 ሲሆን ያን ያህል አይሄዱም። ስለዚህ ካርታው ላይ ‹ተሸፍኗል› የሚባለው ቀበሌ የተሸፈነው በድምፅ ሊሆን ይችላል።

ታወር ብቻውን ደግሞ ኢንተርኔት አይሰጥም፤ ከዋናው መስመር መገናኘት አለበት። ዋናው ፋይበር የደሴን መንገድ ይዞ ነው የሚሄደው። ከመንገዱ የራቁት ታወሮች በማይክሮዌቭ፣ ከተራራ ተራራ እየተቀባበሉ ነው የሚገናኙት። ከመሐል አንዱ ሲጠፋ ከሱ ወዲያ ያሉት አብረው ይጠፋሉ። እናንተ የሰፈራችሁን ታወር ቆሞ እያያችሁ ትገረማላችሁ፤ የተበላሸው ግን ሁለት ተራራ አልፎ ያለው ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ታወሩ በባትሪ ይቆያል፤ ባትሪው ካረጀ ብዙ አይቆይም። ከዚያ ጄኔሬተር ይነሳል፤ ጄኔሬተር ናፍጣ ይፈልጋል። ክረምት ላይ ጭቃው መኪና አያስወጣም። ናፍጣ በጀሪካን በአህያ አስጭነን ተራራ የወጣንበት ጊዜ አለ። ላይ ስንደርስ ባትሪው ተሰርቆ ያገኘንበትም አለ። በሶላር የሚሠሩት ጣቢያዎች ይሻላሉ፤ ፀሐይ ደግሞ መንዝ ላይ ከበጋ እስከ በልግ አልጠፋችም። እኔ ሥልጣን ቢኖረኝ አዲስ ታወር ከመትከሌ በፊት ያሉትን በሶላር አጠናክር ነበር።

የመጨረሻው ገንዘብ ነው። መንዝ ጫፍ ላይ ታወር ማቆም ደብረ ብርሃን ላይ ከማቆም አይረክስም፤ ይብሳል። የሚሰበስበው ሒሳብ ግን ትንሽ ነው። ኩባንያ ትርፉን አይቶ ነው የሚተክለው። ለዚህ ነው በ2011 የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ስለ ሁለንተናዊ ተደራሽነት ፈንድ ያስቀመጠው። ገበያው የማይደርስበትን ቦታ በጋራ ገንዘብ መሸፈን ማለት ነው። መጠየቅ ያለብን ይህን ነው። የትኛው ወረዳ መቼ ይደርሰዋል ብለን የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑን እንጠይቅ። ኩባንያዎቹ ታወር እንዲጋሩም እንጠይቅ፤ አንድ ተራራ ላይ ሁለት ማማ ከማቆም፣ ሁለተኛውን ማማ የሌለው ተራራ ላይ ማቆም ይሻላል።

ሾፌር መርሐቤቴ (ማክሰኞ፣ ቀን 6፡40)

ታወር ጥገና፣ እጅህ ይባረክ። ሁሌ የሚገርመኝን ነገር ነገርከኝ።

የእኔ አጭር ነው። ከ2015 ግንቦት ጀምሮ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ አይሸጥም፤ ክፍያው በስልክ ነው። ከተማ ላይ ችግር የለውም። ወደኛ ግን ማደያው ናፍጣ እያለው፣ እኔም ብሩ እያለኝ፣ ኔትወርክ ከሌለ መቆም ነው። አንድ ቀን ተሳፋሪ ሞልቶ፣ አንዲት ወላድ ጭነን፣ ከቀጂው ጋር ስልካችንን ወደ ላይ ይዘን ግቢውን ስንዞር ነበር። ልጁ ይቅዳልን ብለን ለመንነው። ‹ሲስተሙ ካላረጋገጠ ከደመወዜ ይቆረጣል› አለ። እውነቱን ነው፤ እሱ ምን ያድርግ። በኋላ መስመሩ መጣና ቀዳን፤ ወላዷም በሰላም ደረሰች። ግን ይህ በየጊዜው የሚገጥም ነው።

ኔትወርክ ሲጠፋ ቢያንስ ለአምቡላንስና ለሕመምተኛ በፊርማ የሚቀዳበት ደንብ ይኑር። ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም።

የአንኮበሯ (ማክሰኞ፣ ማታ 1፡55)

ጤና ኤክስቴንሽን ነኝ። የመምህርን ሐሳብ እደግፋለሁ፤ ከሥራዬ ምሳሌ ላምጣ።

የቤተሰብ መረጃ የምንመዘግብበት ታብሌት ተሰጥቶናል። ፕሮግራሙ ያለ ኔትወርክ ይሠራል። ቤት ለቤት እዞራለሁ፣ እርጉዞችን እመዘግባለሁ፣ የክትባት ቀን አያለሁ። ኔትወርክ ያለበት ስደርስ ያጠራቀመውን ይልካል። ገጠር መሆኔን አውቆ የተሠራ ነገር ማለት ይህ ነው። ኔትወርክ ከሌለ አልከፍትም የሚል ቢሆን ኖሮ ታብሌቱ እስካሁን ሳጥን ውስጥ ነበር።

ማንም ያላነሳው አንድ ነገር አለ። ስልኩ የማን ነው? በምዞርበት ቀበሌ ብዙ ቤት ያለው አንድ ስልክ ነው፤ እሱም ባልየው ኪስ ውስጥ ነው። ገበያ ሲሄድ አብሮት ይሄዳል። የክትትል ቀጠሮ ማስታወሻ በአጭር መልእክት ይላካል ስንል ማን ጋ ነው የሚደርሰው? አንዷ እናት ቀጠሮዋ ያለፈው መልእክቱ ሳይደርስ ቀርቶ አይደለም። ደርሷል። ባሏ ማንበብ አይችልም፤ የካርድ ማስታወቂያ መስሎት ዘጋው። ስለዚህ ሌላ በር ስትሉ ሴቶቹን አትርሱ። ለኛ እስካሁን የሚሠራው በር በእግር ሄዶ ማንኳኳት ነው። እሱን የሚሠራ ሰው ደግሞ ደመወዝም ጫማም ይፈልጋል።

ፍሬሽማን (ማክሰኞ፣ ማታ 2፡20)

እኔ በቅርቡ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባሁት። የመጣሁት ከግሼ ነው።

የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2016 በከፊል ኦንላይን መሰጠት ጀመረ። እኔም በኮምፒውተር ነው የተፈተንኩት። ማውዝ በእጄ የያዝኩት ለፈተናው ልምምድ ስንሄድ ነው። ጥያቄውን አውቀዋለሁ፣ ቀስቷ ግን የምፈልገው ላይ አታርፍልኝም። አጠገቤ የተቀመጠው የከተማ ልጅ ሳያይ ነው የሚጫነው። የመጀመሪያው ፈተና ላይ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለመድኩ። ሁላችንም አንድ ጥያቄ ነው የቀረበልን፤ እኩል ተፈተንን ለማለት ግን ይከብደኛል።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ መጽሐፉ ታትሞ ቶሎ አልደረሰንም፤ ፒዲኤፉ ግን ነበር። አንድ ልጅ ደብረ ብርሃን ዘመድ ጋ ሄዶ በሜሞሪ ካርድ ሞልቶ አመጣው። ከዚያ ዜንደር በሚባለው ያለ ዳታ ፋይል በሚያላልፈው መተግበሪያ ከስልክ ወደ ስልክ ተላለፍነው። ስማርት ስልክ ያለን ጥቂቶች ነበርን። አንድ ስልክ ከበን ፊዚክስ እናነብ ነበር፤ አንዱ እያነበበ ሌላው ደብተር ላይ ሥዕሉን ይገለብጣል። ባትሪ እንዳያልቅ ብርሃኑን በጣም እንቀንሰዋለን። ስልክ ቻርጅ የምናደርገው ሶላር ያለው ሱቅ ሄደን፣ ከፍለን ነው። የዚያ ዓመት ደብተሬን እስካሁን አልጣልኩትም።

ስለዚህ መምህር፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነገር ቢቀመጥስ? መጽሐፎቹ፣ የድሮ ፈተናዎች፣ ዊኪፔዲያው ሳይቀር ኪዊክስ በሚባለው ያለ ኢንተርኔት በሚያስነብበው ፕሮግራም ተጭኖ አንድ ኮምፒውተር ላይ ቢሆን፣ ልጆቹ በዋይፋይ ያወርዱታል። ዳታ አይጠይቅም። እዚህ ግቢ ከጓደኞቼ ጋር ልንሠራው እንችላለን።

መምህር ዘመንዝ (ማክሰኞ፣ ማታ 2፡44)

ልጄ፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ። በጣም እፈልገዋለሁ። ትምህርት ቤታችን ሶላር አለው፤ ኮምፒውተር አናጣም። የድሮዎቹ የፕላዝማ ቲቪዎች ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ክፍሎቹ ግድግዳ ላይ ነበሩ። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣ ነበር። ሲበላሹ የሚጠግን ሰው ጠፋና ቀሩ። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እጠይቅሃለሁ። ስትመጡ ከመምህራኑ መሐል ሁለቱን አስተምሩ፤ እናንተ ስትሄዱ አብሮ እንዳይቆም።

ቁጥር ወዳድ (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡10)

ችግሩ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት ያህል። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ግምት በዓለም ደረጃ ከከተማ ነዋሪ 83 በመቶው ኢንተርኔት ይጠቀማል፤ ከገጠር ነዋሪ 48 በመቶው ብቻ። ኢንተርኔት ከማይጠቀመው 2.6 ቢሊዮን ሕዝብ ውስጥ 1.8 ቢሊዮኑ ያለው ገጠር ነው። በኛ አገር ተጠቃሚው በአጠቃላይ ከአምስት ሰው አንድ አካባቢ ነው፤ አብዛኛው ሕዝባችን ደግሞ ገጠር ነው። ከዚህ ተነስታችሁ ግሼ ወይም በረኸት ላይ ምን ያህል እንደሚሆን አስቡት። ‹ኦንላይን ብቻ› የሚል ማስታወቂያ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ይህን ቁጥር ፊቱ ላይ ቢለጥፈው እወዳለሁ።

የጅሩ ልጅ (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡26)

መዘጋቱም ይነሳ እንጂ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም አልተመለሰም። ያኔ ደብረ ብርሃን ያለውም እንደ ገጠሩ ሆነ። አንድ ማመልከቻ በኢሜይል ለመላክ አዲስ አበባ ድረስ 130 ኪሎሜትር የመጡ ዘመዶች ነበሩኝ። የሥራ ማመልከቻ ቀን ያለፈበት፣ የነፃ ትምህርት ዕድል ያመለጠው ስንቱ ነው።

ፖለቲካውን ለሌላ ክር እተወዋለሁ። ለዚህ ክር የሚሆነው ይህ ነው፦ መስመሩ ሊዘጋ በሚችልበት አገር ሁሉን ነገር በአንድ መስመር ላይ ማንጠልጠል አደጋ ነው። ከተማውም ሌላ በር ያስፈልገዋል።

ተስፋ አለ (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡50)

ይህ የመጨረሻው ክርክር አሳመነኝ። የገጠሩን ‹ይደርሳል› ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ያኔ ግን እኔም ደብረ ብርሃን ነበርኩ፤ ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። የጉቦ ሥጋቴ ግን አልለቀቀኝም። ሌላው በር ሲከፈት ማን እንደሚቆምበት፣ እንዴት እንደሚቆጣጠሩት አብሮ ይነገር።

ኮምፒውተር ቤት (ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡05)

እኔ ደብረ ብርሃን ኮምፒውተር ቤትና ፎቶ ኮፒ አለኝ። እኛን ደላላ ስላላችሁ አልተቀየምኩም፤ አንዳንዱ ቤት በውጤት ሰሞን ዋጋ እንደሚጨምር አውቃለሁ። ግን ከኛ በኩል የሚታየውን ልንገራችሁ።

ሰው ሲመጣ ስልኩን ከነይለፍ ቃሉ ጠረጴዛዬ ላይ ትቶ ሻይ ሊጠጣ ይሄዳል። ‹አንተ ጨርስልኝ› ይለኛል። የቴሌብር ሚስጥር ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይነግረኛል፤ ከኋላው የተሰለፉት ሁሉ ይሰሙታል። አባቶች የልጃቸውን ሰርተፍኬት ኦርጅናሉን ጥለውልኝ ይሄዳሉ። የሚያምኑኝ ሌላ ምርጫ ስለሌላቸው ነው። እኔ አልነካም፤ የሚነካ ግን አለ። የተጠረጠረ ሰው አውቃለሁ፤ ማስረጃ ስለሌለኝ ግን አልናገርም።

ለመምህር አንድ ሐሳብ አለኝ። ምርጫ ሲሞላ ከመላኩ በፊት ገጹን አትሜ ለልጁ እሰጣለሁ። በደንብ አንብቦ፣ ትክክል ነው ብሎ ይፈርምበታል። ከዚያ ነው የምልከው። አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ ብዙ ስሕተት አድኖልኛል። ይህን ሁሉም ኮምፒውተር ቤት ቢያደርገው፣ ወይም ትምህርት ቤቱ ቢያስገድድ፣ የዚያች ልጅ ዓይነት ነገር አይደርስም።

መምህር ዘመንዝ (ረቡዕ፣ ማታ 1፡30)

ወንድሜ ኮምፒውተር ቤት፣ ያልከውን ዘንድሮ እንጀምረዋለን። ለርእሰ መምህሩ ዛሬ ነግሬያለሁ። ምርጫ የሚሞላው ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ተማሪው ስክሪኑ ፊት ተቀምጦ፣ ታትሞ፣ ተፈርሞበት ይሆናል። ኔትወርክ ከሌለ ወደ ከተማ የሚሄደው መምህር ነው፤ ተማሪው አይንከራተትም። የተፈረመው ወረቀት አንዱ ለልጁ፣ አንዱ ለኛ ይቀራል። ተስፋ አለ የጠየቀው ቁጥጥርም ይህ ይመስለኛል፤ ማን ምን እንደሞላ የሚያሳይ ፊርማ ያለው ወረቀት አለ።

የቀረው የኔትወርኩ ጥያቄ ነው። ታወር ጥገና፣ እባክህ ለባለሥልጣኑ ስናመለክት ምን ምን ብንጽፍ ይሰሙናል? ‹ኔትወርክ የለም› ብለን ብዙ ጊዜ ጽፈናል፤ መልስ የለውም።

ታወር ጥገና (ረቡዕ፣ ማታ 2፡02)

‹ኔትወርክ የለም› የሚል ደብዳቤ የትም አይደርስም መምህር፤ ለጥገና ሰው ምንም አይነግረውም። እንዲህ አድርጉ። ቀበሌውንና ጎጡን ጻፉ። ድምፅ ይሠራል አይሠራም፣ ዳታ ይሠራል አይሠራም፣ ለየብቻ ይጻፍ። ስልኩ ላይ 2ጂ ነው 3ጂ ነው ወይስ 4ጂ የሚለው ይጻፍ። መብራት ሲጠፋ ስንት ሰዓት ይቆያል? ይህ ከሁሉ ይጠቅማል፤ ባትሪው መሞቱን በቀጥታ ይናገራል። ከሁለቱም ኩባንያ ሲም ሞክሩ። ትምህርት ቤት፣ ጤና ኬላ፣ ገበያ በአቅራቢያው ካለ አስገቡ። ከአንድ ሰው ሳይሆን ከብዙ ቀበሌ፣ በአንድ ሰንጠረዥ፣ በወረዳው ማኅተም ይሁን። ሰንጠረዡን እኔ አዘጋጃለሁ። እዚህ የምትጽፉትን እየሰበሰብኩ እሞላለሁ።

የአንኮበሯ (ረቡዕ፣ ማታ 2፡15)

እኔ የምዞርባቸውን ጎጦች በሙሉ እሰጥሃለሁ። የሴቶቹንም ጨምርልኝ፤ ስንት ቤት ውስጥ ሴቷ የራሷ ስልክ አላት የሚል አምድ ይኑረው። እኔ ቤት ለቤት ስሄድ ጠይቄ እሞላዋለሁ።

ታወር ጥገና (ረቡዕ፣ ማታ 2፡19)

ይገባል እህቴ። ጨምሬዋለሁ።

ፍሬሽማን (ረቡዕ፣ ማታ 2፡40)

የኛን ከወንድሜ ጠይቄ ልጀምር። ግሼ፣ ከራቤል ወጣ ብሎ። ድምፅ ይሠራል። ዳታ 2ጂ ነው፤ ሌሊት ቴሌግራም ጽሑፍ ይልካል፣ ፎቶ አይልክም። መብራት በጠፋ በሁለተኛው ሰዓት ገደማ ድምፁም ይጠፋል። የሁለተኛው ኩባንያ ሲም አይዝም። ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ አለ። ገበያው ቅዳሜ ነው።

ሾፌር መርሐቤቴ (ረቡዕ፣ ማታ 3፡00)

እኔ መንገዱን እሰጣለሁ። ከዓለም ከተማ እስከ ለሚ የት የት እንደሚጠፋ በጆሮዬ አውቀዋለሁ፤ ረዳቱ ስልክ ይዞ ይመዘግባል። ጀማ ድልድይ አካባቢ መኪና ቢበላሽብህ የምትደውልበት የለም፤ እሱን በቀይ ጻፈው። ዓርብ እልክልሃለሁ።

ኮምፒውተር ቤት (ረቡዕ፣ ማታ 3፡08)

ሲያልቅ ላኩልኝ፤ በነፃ አትማለሁ። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ የተማሪ መመዝገቢያ ቁጥር፣ የስልክ ቁጥር፣ የፋይዳ ቁጥር እዚህ ክር ላይ አትጻፉ። ሁሉም ሰው ያየዋል። ቀበሌና ጎጥ ይበቃል።